ፍየል ይዘን ወደ ነገሥታቱ መቃብር

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጆቼ ስልክ ላይ ተደፍተው የድሮ ነገሥታት መቃብር ሲያዩ፣ ትንሿ ቀና ብላ «ሀቦባ፣ አንቺ እኮ እንዲህ ያለ ቦታ ገብተሻል አሉ! ሰሚራ ነገረችን። ንገሪና!» አለችኝ። ሀቦባ ሱዳኖች አያትን የሚጠሩበት ነው፤ ልጆቹ ካርቱም ተወልደው ስላደጉ ሌላ ስም የለኝም። ጀመርኩላቸው። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያቋርጠኛል፣ አንዷ «ቆይ ውሃ ጠጥቼ» ብላ ትነሳለች። ወሬው ወገቡ ላይ ሳይደርስ ግማሾቹ ተበተኑ። እንግዲያው ልጽፈው ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሲመቻቸው ያንብቡት። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ገዳሪፍ ሳለን አንዲት ጎረቤቴ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈች አሳይታኝ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ያኔ ካርቱም ገና አልታመሰችም። የምንኖረው አል-ሳሃፋ ሰፈር ነበር። የልጄ ልጅ ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ የጥንት ነገር ተምራ ጨርሳ፣ አንድ አስጎብኚ ቢሮ ደጅ ትጠና ነበር። ሙዲሩ፣ አለቃው ማለት ነው፣ «ሰው ሰብስበሽ አንድ ጉዞ ምሪና እንይሽ» አላት። ልጅቱ ማንን ትሰብስብ? ወደ እኛ መጣች፣ ወደ ወሎ ሴቶች። ካፉሪና አል-ማንሺያ በሰው ቤት የምንሠራ፣ ለዒድ እረፍት የተሰጠን፣ የት እንሂድ የምንል ሴቶች ነን።

«የድሮ ነገሥታት መቃብር ነው» አለችን። «ወደ ሰሜን፣ በረሃውን አቋርጠን፣ ኩሩ የሚባል መንደር። ጥቁር ነገሥታት ናቸው፤ ትልልቅ። ሰው ከፈረንጅ አገር ድረስ እየመጣ ነው የሚያያቸው፣ ወላሂ።»

የሰማነው ልክ ይህንኑ ነው። ግን እኛ አገር ለተራ ሙት ስንቅ ቋጥሮ መንገድ የሚገባ የለም። ሰው በረሃ አቋርጦ የሚሄድለት፣ ጠባቂና ቁልፍ ያለው መቃብር የወልይ፣ የቅዱስ ሰው፣ መቃብር ነው። ንጉሥ ከሆነ ደግሞ የነቢን ሰዎች ተቀብሎ እንዳስጠለለው እንደዚያ እንደ ጥንቱ ሐበሻ ያለ ደግ ንጉሥ መሆን አለበት። ወደ እንዲህ ያለ ሰው ባዶ እጅን መሄድ ነውር ነው። ይህን ማንም ለማንም አላስረዳም፤ ሁላችንም ከእናታችን ጀርባ ሆነን የተማርነው ነው። የማታውቀው ሰሚራ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው ቀን

ሐፍላው፣ ትንሹ አውቶቡስ፣ ገና ሳይነጋጋ ደጃችን ቆመ። ሁሉም ተሳፍሮ ሳለ ጓደኛዬ ከድጃ አንድ ጥቁር ወጠጤ ፍየል በገመድ እየጎተተች ከተፍ አለች።

ሰሚራ ክው አለች። «ያ ኻልቲ ከድጃ! ሽኑ ዳ? ይሄ ምንድነው? ፍየል ምን ይሠራል?»

«ይጎበኛል» አለች ከድጃ። «እሱም ንጉሥ አይቶ አያውቅም።»

ከድጃ እንዲህ ናት። ካፉሪ አንድ ትልቅ ቤት ታበስላለች፤ አፏ ምላጭ ነው፤ የቤቱ እመቤት እንኳ ትፈራታለች። ሹፌሩ «ይሄ ሐፍላ ነው እንጂ የከብት መኪና አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «አንተን ከጫነ እሱን ምን አቃተው» አለችው። ሹፌሩ ሳቅ አሸነፈው፣ ኋላ ጆንያ አነጠፈለት።

እኛ ግን አልሳቅንም፤ ፍየሉ ለምን እንደመጣ ገብቶናል። የከድጃ አንድ ልጅ ጀማል፣ ሚስቱን ነፍሰ ጡር ትቶ የሊቢያን መንገድ ከያዘ ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር። ኋላ ድምፁ ጠፋ። ከድጃ ስለት ተስላ መሆን አለበት፤ ደጉ ንጉሥ ፊት አሳርዳ ልጇን ልትለምን ነው። ሀጂት ፋጡማ፣ ከመካከላችን ሐጅ የደረሰችው፣ እያዘነች እጇን የከድጃ ጉልበት ላይ አሳርፋ «ጌታ ይቀበልሽ» አለቻት። «አሚን» አለች ከድጃ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ምራቷ ሀያት እስከ ሐፍላው ድረስ ሸኘችን። ሆዷ ገፍቷል፤ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ በሌላው የዳቦ ፌስታል በመስኮት አቀበለቻት። «እማ፣ ለሱም ዱዓ አድርጊለት» አለቻት። «ዱዓው የኔ ነው፤ አንቺ ሆድሽን ያዢ» አለቻት ከድጃ። «እንጨት አትሸከሚ። ጫፍ ላይ አትቀመጪ። ስልክ ላይ አትዋዪ።» መኪናው እስኪታጠፍ ትእዛዝ ስታወርድባት ነበር።

ከኦምዱርማን ወጣ ስንል ኬላ አስቆመን። አንድ ወጣት ወታደር መታወቂያችንን፣ እነሱ ቢጣቃ የሚሉትን፣ ሰብስቦ አየና አንገቱን ወደ ኋላ አሰገገ። «ይሄኛውስ ቢጣቃ አለው?»

«ሐበሻ ነው ልጄ» አለች ከድጃ በዐረብኛ። «ብትጠይቀውም አይመልስልህም፤ ቋንቋ አያውቅም።»

ወታደሩ እየሳቀ «ያላ፣ እለፉ» አለን። እኔ እዚያ አገር ወረቀቴን ለወታደር ሰጥቼ በሳቅ የተመለሰልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በረሃው ጀመረ። ልጆች፣ እኔ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ እግሬ አያርፍም ትሉኛላችሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። የኛ አገር መሬት ሽቅብ ቁልቁል ነው፤ አንዱን ተራራ ስትጨርሱት ሌላው ይጠብቃችኋል፣ ጉሙ ይሸፍናችኋል፣ ጎረቤት ሲጠራችሁ ከማዶ ነው። ይሄ የተነጠፈ ሰሌን ነው። ዓይን የሚያርፍበት የለውም። አንዲት የግራር ቁጥቋጦ ባየን ቁጥር እንደ ዘመድ «ያችትና!» እንል ነበር። እዚህ ውስጥ ሰው ቢጠፋ ማን ያገኘዋል ብዬ ደነገጥኩ፤ ወዲያው ከድጃን አየሁና በልቤ ያሰብኩትን ዋጥኩት።

እኩለ ቀን ላይ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ሹፌሩ ጎማ ሲቀይር ፍየሉ ገመዱን በጥሶ ወደ በረሃው በረረ። ስድስት ሴቶች ቶባችንን፣ የሱዳን ሴት የምትጠመጥመውን ልብስ፣ ሰብስበን ተከተልነው። ሀጂት ፋጡማ አንድ ጫማዋ ቀረ። ከድጃ፣ ያቺ ጉልበቴን ጉልበቴን የምትል ሴት፣ እንደ ልጃገረድ ሮጠች። የምትጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ያዙልኝ! የአላህ ያለህ ያዙልኝ! እሱን ካጣሁ ምን ይዤ እደርሳለሁ!»

አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ሹፌሩ፣ ጺማም ረጅም ሰው፣ ወርዶ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ አንድ ቁራሽ ዳቦ ዘረጋ። ፍየሉ ቀጥ ብሎ መጣለት! እኛ ይህን ያህል ስንሮጥ። ሰውየው ፍየሉን ለከድጃ አስረከባት፣ ከውሃው በየተራ አጠጣን። ምርቃታችንን እንኳ ሰምቶ ሳይጨርስ «ኢንሻላህ በሰላም ትደርሳላችሁ» ብሎ ሄደ። ስሙን አልጠየቅነውም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጀንበር ሳትጠልቅ ኩሩ ደረስን። ዓባይ አለ፣ የተምር ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። የመቃብሩ ጠባቂ ዐም ዑስማን፣ አጎት ዑስማን እንደ ማለት፣ ይባላል፤ ሸምገል ያለ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ። ሚስቱ ነፊሳ የግቢውን በር ወለል አድርጋ «ሐበሽ! ሐባይብ!»፣ ውዶቼ፣ እያለች አንድ በአንድ አቀፈችን፤ እንደምታውቀን። ግቢው ውስጥ አንገረብ፣ የገመድ አልጋ፣ ለእያንዳንዳችን ዘርግታለች። ያ አልጋ የእናቴን ቤት የጠፍር አልጋ ቁርጥ ነው፤ እግሩም፣ ድምፁም። ኪስራ በባሚያ ወጥ ቀረበ። ኪስራ እንደኛ እንጀራ ሆኖ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ እኛ ሴቶች ዓይን ለዓይን ተያይተን «ዓይን የለውም» ብለን በአማርኛ አማነው፤ አምተን ግን ጠረግነው።

ዐም ዑስማን ፍየሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «እንግዳ ሆናችሁ ሥጋ ይዛችሁ መጣችሁ? ቤቴ የሚታረድ የጠፋ መሰላችሁ?»

«ኧረ ለአንተ አይደለም» አለች ከድጃ።

«ለማነው?»

«ለባለቤቱ ነው። ነገ እንሰጠዋለን።»

ሰውየው ሰሚራን አየ፣ ሰሚራ እኔን አየች። ያን ጊዜ ብንነጋገርበት ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ደክሞናል፤ ተኛን።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ፉል በልተን በእግር ሄድን። ከድጃ ፍየሉን አጥባዋለች፤ ጸጉሩ ያብረቀርቃል።

የመጀመሪያው ድንጋጤ ቦታው ነው። ጉልላት የለ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለ፣ ደጅ ላይ የሚለምን ድሃ እንኳ የለ። የድንጋይ ቁልል፣ አሸዋ፣ ወደ መሬት የሚወርድ ደረጃና የብረት በር። «የመጨረሻ ቤታቸው ሲታይ ድሆች ናቸው» አለች አንዷ። ሀጂት ፋጡማ «ወልይ ጌጥ አይወድም» ብላ ገሠጸቻት።

ከድጃ ዐም ዑስማንን «ቂብላ ወዴት ነው? የት ነው የሚታረደው?» አለችው።

ሰሚራ ይህን አልሰማችም። ቁመቷን አስተካክላ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ያጠናችውን ጀመረች። አማርኛዋ እየተሰባበረ ነው፤ ግን ድምጿ ያምራል። «እዚህ የተቀበሩ ነገሥታት ከዚህ መንደር ተነሥተው፣ ዓባይን ተከትለው ወረዱ። ግብፅን በሙሉ ያዙ። እና ነገሥታቱ እዚያ ፊርዓውን ሆኑ።»

የፍየሉ ማኘክ ብቻ ይሰማል።

«ምን ሆኑ?» አለች ሀጂት ፋጡማ።

«ፊርዓውን።»

«አዑዙ ቢላህ!» ሀጂት ፋጡማ ከደረጃው ራቅ ብላ ዘለለች፤ በዚያ ዕድሜዋ። እኔ አፌን በቶቤ ያዝኩ። የሙሳ ጠላት! ሕፃን ያሳረደ፣ ጌታ ነኝ ያለ፣ ባሕር የበላው! ስሙ ሲነሳ የምንተፋበት ሰው ደጅ ላይ፣ ታጥበን፣ ፍየል አጥበን ቆመናል።

«ፊርዓውንን ልንለምን መጣን!» አለች አንዷና ማልቀስ ጀመረች።

«ደግሞ ጥቁር ነው ትለናለች! የኛ መልክ ነው ትለናለች!» አለች ሌላዋ። የትኛው ይበልጥ እንዳስደነገጣት እንጃ።

ሰሚራ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሀቦባ፣ ወላሂ ነገርኳችሁ! ነገሥታት አልኩ፣ መቃብር አልኩ። ምን ዋሸሁ?» አልዋሸችም። ሀጂት ፋጡማ ወደ ሐፍላው መሄድ ጀምራለች፤ ሴቶቹም ተከትለዋታል። «ሹግሌ አለቀ» አለች ሰሚራ በትንሽ ድምፅ፤ ሥራዬ ማለቷ ነው።

ዐም ዑስማን ነገሩ የገባው አሁን ነው። እጁን አወራጭቶ «ያ ጀማዓ! የሙሳ ፊርዓውን ሌላ ነው፤ እነዚህ ከሱ ብዙ ዘመን ኋላ የመጡ ናቸው» አለ። «እኛ አያቶቻችን ናቸው እንላለን። ደግ ይሁኑ ክፉ አላህ ያውቃል። እኔ በሩን ነው የምጠብቀው።»

ማንም አልሰማውም። ከድጃ ብቻ ገመዱን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። እኔ ስለሷ ደነገጥኩ። ስለቷ ከንቱ ሆነ፤ በረሃ ያቋረጠችበት፣ ፍየሉን ያሳደደችበት። አሁን ትወድቃለች ብዬ ተጠጋኋት።

«ሰውየው ውስጥ አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«የለም» አላት ዐም ዑስማን። «ድሮ ገና ሌቦች ገብተው ዘርፈውታል። አጥንትም የለ። ባዶ ነው።»

«መቃብሩ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው፣ እህቴ።»

ከድጃ ገመዱን እኔ እጅ ላይ አኖረች። «እንግዲያ ክፈትልኝ» አለች።

ምን ማለቷ ነው? ወልይ ነው ስትባል ውጭ ቆማ፣ ፊርዓውን ነው ስትባል ልግባ ትላለች! ገመዱን ለሰሚራ ሰጥቼ ተከተልኳት። ብቻዋን ልተዋት አልችልም፤ አብረን ነው ስደት የወጣነው።

ደረጃው ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ወርዶ ወርዶ አያልቅም። ግድግዳውን በመዳፌ እየዳበስኩ፣ ከንፈሬ ላይ የማውቀውን ቁርኣን ሁሉ እየቀራሁ ወረድኩ። ታች ከላይ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ጓዳ። ዐም ዑስማን ባትሪውን ሲያበራ «ላ ኢላሃ!» ብዬ ጮህኩ።

ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ጣሪያው በሞላ ከዋክብት ነው፤ ከመሬት በታች ሰማይ ሠርተውለታል! ግድግዳው ላይ ንጉሡ ቆሟል፤ ጠይም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ግንባሩ ላይ እባቦች። መልኩ፣ ምን ልበላችሁ፣ ገዳሪፍ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው ነው። የአውሬ ራስ ያለው ፍጡር እጁን ይዞ ይመራዋል። ከበሩ በላይ ዝንጀሮዎች እጃቸውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ይለምናሉ። ዝንጀሮ! እኛ አገር ዝንጀሮ ማሽላ ይዘርፋል እንጂ ዱዓ ሲያደርግ ማን አይቶ ያውቃል? የምይዘውን አጣሁ። አስጸያፊ ልበል ብዬ ነበር የወረድኩት፤ ግን ቆንጆ ነው። ቆንጆ መሆኑ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ።

ከድጃ ሥዕሉን አላየችም። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ «የት ላይ ነበር የተኛው?» አለች።

ዐም ዑስማን በባትሪው ወለሉን አሳያት። «እዚህ። ከሱ በፊት የነበሩት ደግሞ በአልጋ ነው የተቀበሩ። ላይ ቤት ትናንት እንደተኛችሁበት ያለ አንገረብ። የእግሩ ጉድጓድ አለቱ ላይ አሁንም ይታያል። እኛም ዛሬ ሬሳ የምንሸከመው በሱ ነው።»

ሌሊቱን ሙሉ የተገላበጥኩበት አልጋ! ከድጃ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ። ከዚያ አወጣችው። እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው አንጀት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አለቱ ተቀብሎ እያባዛ መለሰው። ቀጥላ በኛ አገር ዜማ፣ እየተወዛወዘች፦

«ቤት አለህ ሰው የለህ፣ አንተ ንጉሥ ሆዬ፣
ሰው ኖሮ ቤት አጣ፣ የኔማ አካልዬ።»

ለፊርዓውን ሙሾ! ከላይ የሀጂት ፋጡማ ድምፅ መጣ፦ «ምን ሆነች? ጅን ነካት? ኧረ አውጧት!»

ዐም ዑስማን ባትሪውን መሬት ላይ አኖረው፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ሁለት መዳፉን ፊቱ ድረስ ከፍ አድርጎ ፋትሓ ቀራ፤ ሱዳኖች ለቅሶ ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት። ሲጨርስም አልተነሳም።

ያን ጊዜ ከላይ ኮቴ ሰማሁ። አንዷ ወረደች፣ ሌላዋ ተከተለች። እኛ ለቅሶ ሰምተን ቆመን መቅረት አልፈጠረብንም፤ የማን ነው ብሎ መጠየቅ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ሀጂት ፋጡማ መጣች፤ ሥዕሉን እንዳታይ ዓይኗን ጨፍና፣ የኔን ትከሻ ይዛ፣ አንድ እግሯ ጫማ አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ። ከድጃን ከብበን ተቀመጥን። እያንዳንዷ ያላት ነገር አለ፤ እናቷን ሳትቀብር በስልክ የሰማች አለች፤ እኔም አለኝ። ከዋክብቱ ሥር አለቀስን። ሰሚራ ፍየሉን ውጭ አስራ ወርዳ፣ ግድግዳው ሥር ቆማ በድንጋጤ ታየናለች፤ ካጠናችው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ከድጃ ራሷ ናት ያቆመችው። ፊቷን በቶቧ ጠርጋ ተነሣች፤ «በቃ። ሰውየው ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ የሚያለቅስለት መጣ፤ ደስ ሊለው ይገባል» አለች። በእንባችን መሃል ሳቅን።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይናችንን አጠፋው። ዐም ዑስማን ትንሽ ራቅ አድርጎ የነገሥታቱ ፈረሶች የተቀበሩበትን አሳየን። በቁማቸው ነው አሉ የቀበሯቸው፣ ጌጣቸውን እንዳደረጉ። «አንዱ ንጉሥ ከተማ ሲይዝ ፈረሶች ተርበው አይቶ ከጦርነቱ ይልቅ በዚያ ነው የተቆጣው» አለችን ሰሚራ። ሀጂት ፋጡማ ብዙ አሰበችና «ለፈረስ የሚያዝን ከሆነስ የሙሳው አይደለም» ብላ ፈረደች።

ፍየሉ ዐም ዑስማን ግቢ ታረደ። ከድጃ «ለንጉሥ አይደለም፤ ለሰው ነው» አለች። ነፊሳን ለብቻ ጠርታ «መንደሩ ውስጥ አባት የሌላቸው የቲም ልጆች ካሉ ጥሪልኝ፤ መጀመሪያ እነሱ ይብሉ» አለቻት። ልጆቹ መጡ፤ በእጇ አጎረሰቻቸው። እሷ ከሥጋው አልቀመሰችም። ስለት የተሳለ ሰው ከስለቱ አይበላም፤ ስለዚህ አልገረመኝም። ነፊሳ ግን እንግዳ ሳይበላ እንዳያድር ተጨንቃ ለብቻዋ እንቁላል ጠበሰችላት፣ አጠገቧ ተቀምጣ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ነፊሳ ለእያንዳንዳችን ተምር በዘንቢል ሰጠችን። አንድ ዘንቢል ጨምራ «ለነፍሰ ጡሯ ልጅሽ» አለቻት ከድጃን። ከድጃ አንገቷ ላይ ጥምጥም አለችባት፤ ቶሎ አልተላቀቁም። ከትናንት ወዲያ ማታ የተዋወቁ ሴቶች ናቸው።

መመለሻው ላይ የሆነ ነገር የለም። በረሃው ያው በረሃ ነው። ሹፌሩ «ፍየሉ ናፈቀኝ» እያለ አሳቀን። ከድጃ መንገዱን ሙሉ ተኛች፤ አፏን ከፍታ፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ። ካፉሪ ሥራ ከገባች ወዲህ እንዲህ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

አል-ሳሃፋ ስንደርስ ሀያት ደጅ ቆማ ነበር። «እማ፣ ስለቱ ደረሰልሽ?» አለቻት።

«አደረስኩ» አለች ከድጃ፣ ተምሩን እያስያዘቻት። «አንቺ ለምን ቆምሽ? ተቀመጪ አላልኩሽም?»

የሰሚራ ሙዲር ሴቶቹ ደስ ብሏቸው እንደሆነ ለመስማት ደወለልኝ። «ደንግጠን ተመለስን» አልኩት። ሳቀ፤ ልጅቱንም ቀጠራት።

ሀያት ወንድ ልጅ ወለደች። አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ቤታቸው ገብተው ለሀያት መርዶውን ነገሯት፤ ጀማል የተሳፈረበት ጀልባ ባሕር ላይ ተገልብጦ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ። ከድጃ ግን ያን ቀን ሕፃኑን ታቅፋ፣ ምራቷን እየደገፈች፣ ድምፅ ሳታሰማ ዋለች። ድንጋጤ ነው፣ እንባዋን ቀጥ አድርጎባት ነው አልን። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ካርቱም ታምሳ ሁላችንም ከተበተንን በኋላ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ሀያትን ገዳሪፍ አገኘኋት። ልጁ ትልቅ ሆኖ እጇን ይዞ ነበር። ከዚያ ጀልባ የተረፈ አንድ ጎረምሳ የጀማልን ሞት ለከድጃ በስልክ ነግሯት ኖሯል። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርምና፣ አንድ ጣራ ሥር ሆና፣ ሀያት እስክትወልድ ድረስ ይዛው ከርማለች። ፍየሉን የገዛችው ያን ስልክ በሰማች በማግስቱ ነው።